ያልነካነው ጀሪካን

መርክነህና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ብርድ ልብስ መጭመቅ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሰፈራችን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፤ ያን ዕለት ሳናስበው ስለመጣ ከባዱን ቡናማ ብርድ ልብስ አውጥቼ አጠብኩት። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ማጠማዘዝ ጀመርን። እንደ ሁልጊዜው ተከታትለን ዞርን፤ ብርድ ልብሱ በመካከላችን እንደ ገመድ ተሽከረከረ እንጂ አልተጨመቀም።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እንኳ በተቃራኒው አዙሪ!» አለኝ።

«አንተ ነህ እኮ የምትከተለኝ።»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ብርድ ልብስ መጭመቅ አልተማርንም።»

ስንስቅ ጫፉ ከእጄ አምልጦ ጭቃ ላይ ወደቀ። እንደገና አጠብኩት። በስምንተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ባሌ ሞተ።

እኔም በዚያው በሽታ ታምሜ ነበር፤ ተርፌያለሁ። ከሞት የተረፈ ሰው ሌላው እንዳይሞት ያየውን መናገር አለበት ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ከሦስት መስመር አላልፍም።

መርክነህ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነበር። ሥራው ሶዶ ውስጥ ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚራራቁ መለካት፣ ምግብ ቤት መፈተሽ፣ ምንጭ ማከም ነው። ሰዎች «የሽንት ቤቱ ሰውዬ» ይሉት ነበር። እሱም «ሚኒስትርም ብትሆን እኔ ከማዝበት ቤት ሳትገባ አትውልም» ብሎ ይመልሳል። እኔ የአንደኛ ደረጃ አማርኛ መምህርት ነኝ። አያቶቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ የእሱ ዘመዶች ተበላ በምትባል ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች። ልጅ አልወለድንም።

በዚያ ሰሞን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ሰው በተቅማጥና በትውከት መውደቅ ጀምሮ ነበር። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የሕሙማን ድንኳን ተተከለ። መርክነህ የታመሙትን እየዞረ ጠየቀ፤ ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ምንጩ ጠበል ነው። ከበላዩ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሁለት የጋራ ሽንት ቤቶች ተቆፍረው ሞልተዋል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ታች ይሰርጋሉ። ምንጩ ለጊዜው እንዲዘጋና ሽንት ቤቶቹ እንዲነሡ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ላይ «ኮሌራ» የሚል ቃል ነበረበት። አለቃው «ይህ ቃል ሕዝብ ያሸብራል፤ ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሳይመጣ አይጻፍም» ብሎ መለሰው። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ብሎ አስተካክሎ ሲወስደው ደግሞ ፖሊስ አብሮት እንዲሄድ የሚጠይቀው ወረቀት ሳይፈረም ቀረ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ቃል ሲመረጥ ሦስት ቀን እንዳለፈ ግን እናገራለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት «ሰው እየጠጣው እኔ ፊርማ አልጠብቅም» አለና ክሎሪን ዱቄት በከረጢት ተሸክሞ ለብቻው ወደ ምንጩ ሄደ።

ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን በርግዶ «መምህርት፣ ባልሽን እየገደሉት ነው» አለኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ስደርስ ከረጢቱ ተቀዶ ዱቄቱ ሣሩ ላይ ተበትኗል። መርክነህ መሃል ላይ ተንበርክኳል። ደሙ ከግንባሩ እየወረደ ዱቄቱ ላይ ይለጠፋል፤ ፊቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ነበር። ሰዉ በአማርኛም በወላይትኛም ይጮኻል፤ «ጠበላችንን ሊመርዝ!» የጠበሉን ወረፋ የሚያስይዘው አንጁሎ የሚባል ሰው ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተራ የሚዘልን ሰው በወይራ ዱላው መሬት እየመታ የሚመልስ ሰው ነው። ያን ዕለት መሬት አልመታም። የመርክነህን ጎን ደጋግሞ ሲመታው የአጥንቱን ድምፅ ቆሜ ሰማሁ።

«መድኃኒት ነው! ለእናንተ ነው!» ይላል መርክነህ።

«መድኃኒት ከሆነ እሱ ይቅመሰው!» አለ አንዱ።

አራት ሆነው አንገቱን ያዙት። አንድ እፍኝ ዱቄት አፉ ውስጥ ጠቀጠቁበት። ይህ ዱቄት በርሜል ውሃ ውስጥ በማንኪያ የሚጨመር ነው፤ ለብቻው ሥጋ ያቃጥላል። ሲጮህ ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። ልደርስለት ስል አንድ እጅ ነጠላዬን ከኋላ ጎትቶ ጣለኝ። ቀና ብዬ ሳይ የእድር ጓደኛዬ ናት፤ ባለፈው ወር ወንፊቴን ተውሳኛለች። «ሚስቱም ታውቃለች!» እያለች በጫማዋ ሆዴን ረገጠችኝ።

ያዳኑን የጠበሉ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው መርክነህ ላይ ተኙበት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎትቶ አስገባን።

ሐኪም ቤት ሁለት የጎን አጥንቶቹ መሰንጠቃቸውን ነገሩን። አፉ በውስጥ ተልጦ ነበር። ለአጥንቱ የሚደረግ ነገር ስለሌለ ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ቤት መለሱን።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ጀሪካኖች ነበሩ። ሁለቱ ትልልቅ ናቸው፤ መርክነህ ራሱ በየቀኑ የውሃ ማከሚያ ጠብታ እየለካ ይጨምርባቸዋል። ሦስተኛዋ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ናት፤ ከበሩ ኋላ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ትቀመጣለች። የጠበል ናት። እሷን አይነካም። ጠበል ላይ ምንም አይጨመርም ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እሱም ያውቃል። የከተማውን ውሃ ሁሉ ሲያክም የኖረ ሰው፣ ለእኔ ክብር ሲል ከገዛ በሩ ኋላ ያለችውን አለፋት።

ከዱላው በኋላ ረቡዕ ጠዋት በባዶ ሆድ ጠበል ቀዳሁለት። ለሕመሙ ሌላ የማውቀው መድኃኒት አልነበረኝም። ብርጭቆውን ይዞ አየኝ።

«መቼ የቀዳሽው ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ከዓይኑ ነው? ወይስ ከኩሬው?»

ምንጩ ከድንጋይ ሥር የሚወጣበት ዓይን አለው፤ ከዚያ ወርዶ ሰው ሁሉ ጣሳውን በሚነክርበት፣ የዳገቱ ፍሳሽም በሚገባበት ኩሬ ይጠራቀማል። ከዓይኑ ለመቅዳት ረጅም ወረፋ አለ። ቅዳሜ ለታ ቸኩዬ ነበር። ከኩሬው ነከርኩ።

«ከዓይኑ ነው» አልኩት።

ጠጣ። እኔም ጠጣሁ። ሐሙስም ጠጣን፤ ዓርብም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተገለበጠ። ሕመም አልነበረውም፤ ያታለለኝ እሱ ነው። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ እንደገና፣ ስመለስ እንደገና። አራተኛው ላይ የሚወጣው ሩዝ ከታጠበበት ውሃ አይለይም ነበር። ቀጥሎ ትውከቱ መጣ፤ ጉሮሮዬን በርግዶ እንደ ቧንቧ ፈሰሰ። ፀሐይ ሳትሞቅ ባቴ በቁርጠት ተጠማዝዞ እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

የጎረቤት ልጅ አቅራቢያችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ደግፋ ወሰደችኝ። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ሳይኖረው ኳስ ያሳያል። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ልብሴ ረጥቦ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን እሻገር ነበር። መርማሪው ደም ወስዶ «ታይፎይድ ነው» አለኝና መርፌ ወጋኝ። ከየት ውሃ እንደጠጣሁ አልጠየቀኝም። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠኝም አልጠየቀኝም።

ቤት ስገባ መርክነህ ከአልጋው ሳይነሣ ፊቴን አየና «እጅሽን ስጪኝ» አለ። የእጄን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ፤ አልተመለሰም። ሰውነት ውሃው ሲያልቅ እንዲህ ይሆናል።

«ታይፎይድ አይደለም» አለ። «ተነሽ።»

«የት?»

«ድንኳኑ ጋ።»

«እሞታለሁ እንጂ እዚያ አልገባም!»

«እዚህ ከቆየሽ እስከ ማታ ትሞቻለሽ። እንቢ ካልሽ ተሸክሜሽ ነው የምሄደው፤ ያኔ ደግሞ አጥንቴ ሳንባዬን ይወጋና ሁለታችንም እንሞታለን። ምረጪ።»

ሁለት ባጃጆች ሁኔታዬን አይተው ጥለውን ሄዱ። ሦስተኛው ማክሰኞ ለታ ያወጣን ሹፌር ሆኖ ተገኘ። ላስቲክ አንጥፎ ወሰደን።

የድንኳኑ አልጋ መሃሉ የተቀደደ ሸራ ነው፤ ከቀዳዳው ሥር ባልዲ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ሰው መሆን ያበቃል ብዬ አስቤ ነበር። የጠበቀኝ ሌላ ነው። አንዲት ነርስ በሁለቱም ክንዶቼ ግሉኮስ ሰክታ ስትጨርስ የራሷን ጋቢ አልብሳኝ «መምህርት፣ ወንድሜን ፊደል ያስቆጠርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ማን እንደሆነ አላስታወስኩም። አዎ አልኳት።

መርክነህ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ሳለ ሆዱን ይዞ ጎነበሰ። ከላስቲክ መጋረጃው ማዶ፣ ወንዶቹ ጋ አስተኙት። የተሰነጠቀ የጎን አጥንት ይዞ ማስታወክ ምን እንደሆነ በጆሮዬ ሰማሁት። እያንዳንዱ ትውከት የአንጁሎ ዱላ ደግሞ እንዳረፈበት ያህል ነው። ሲያልፍለት ግን ድምፁ በመጋረጃው በኩል ይመጣል።

«ወርቅነሽ፣ ስንት ባልዲ?»

«ሦስት።»

«እኔ በግማሽ ቀን ሁለት። እደርስብሻለሁ።»

ማዶ ያሉት ሕመምተኞች ሳቁ። አንዱ ሳቀና አለቀሰ።

እሁድ ጠዋት ከመርክነህ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ አዲስ ሰው በቃሬዛ አመጡ። አንጁሎ ነበር። ድምፁን ሳውቀው ግሉኮሴን ነቅዬ ልነሣና ላንቀው ፈለግሁ፤ እውነቴን ነው። ጉልበት ብቻ አጣሁ። ነርሷ በኩባያ የተበጠበጠውን ንጥረ ነገር፣ ጨውና ስኳር ያለበትን ውሃ፣ ስትሰጠው «አልጠጣም! መርዝ ነው! የእሱ ሰዎች ናችሁ!» ብሎ ኩባያውን መታው። እጁ ላይ የሰኩለትን መርፌም ነቀለው። ደሙ ወለሉ ላይ ተረጨ።

«ለእኔ ስጪኝ» አለ መርክነህ።

«ጋሼ፣ አፍህ ቁስል ነው፤ አንተ በግሉኮስ ነው የምትታከመው» አለችው።

«ስጪኝ ብያለሁ። አንጁሎ፣ ኢሻ፣ እየኝ።» ኢሻ በወላይትኛ ወንድሜ እንደማለት ነው።

በመጋረጃው ክፍተት አየሁት። በተላጠ አፉ ጨዋማውን ውሃ ሲውጥ ዓይኑ በእንባ ተሞላ። ኩባያውን ጨርሶ ገለበጠው።

«መርዝ ከሆነ እኔ ቀድሜህ እሞታለሁ። ጠጣ።»

አንጁሎ ጠጣ። ቀኑን ሙሉ፣ መርክነህ አንድ ጉንጭ ሲወስድ አንጁሎ አንድ ኩባያ ይጠጣል። መርክነህ የጠጣውን ወዲያው ያስታውከዋል፤ አንጁሎ ያስቀረዋል።

እሁድ አመሻሽ ላይ የእኔ ባልዲ ሳይሞላ ቆየ። ሕይወት ወደ ጣቶቼ ሲመለስ ታወቀኝ። ያን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከንፈሬን ወደ መጋረጃው አስጠግቼ «መርክነህ» አልኩት።

«እ።»

«ከዓይኑ አልነበረም። ከኩሬው ነው የነከርኩት። ዋሽቼህ ነው።»

 

«አውቄ ነበር» አለኝ። «የቅዳሜን ወረፋ እኔ አላውቀውም? ከዓይኑ ነው ስትዪኝ ደስ አለኝ፤ ማመን ፈልጌ ነው። ጠብታዋን መጨመር የኔ ሥራ ነበር፣ ወርቄ። የአንቺ አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ሽንቱ ቆመ። ሐኪሙ «ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል፤ በዱላውም በፈሳሽ ማጣቱም ተጎድቷል» አለኝ። ሰኞ ቀትር ላይ፣ ከድንኳኑ ውጭ ልጆች የእረፍት ደወል የተደወለ ይመስል ሲንጫጩ፣ አረፈ።

እናልቅስ ብንል ጊዜ አልተሰጠንም። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ዳና ከተበላ በጭነት መኪና ሰዎች አሳፍሮ መጣ። በእኛ አገር ሬሳ ወደ ቤተሰቡ ቤት ገብቶ፣ በዘመድ እጅ ታጥቦ፣ ተለቅሶበት፣ በአባቱ መሬት ነው የሚቀበረው። ይህ በሽታ ግን ከሞተው ሰው ገላ ወደ አጣቢው፣ ከአጣቢው እጅ ወደ ለቅሶው ቤት ምግብ ይሄዳል። ስለዚህ አስከሬኑ ክሎሪን ተረጭቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር።

«ወንድሜን እንደ ቆሻሻ በላስቲክ!» እያለ ጋሽ ዳና የድንኳኑን አጥር በር በትከሻው ገጨ። ዘበኛው ሲገታው አንዱ በዱላ ግንባሩን ፈነከተው። የቆርቆሮው በር ከማጠፊያው ተነቀለ። የክሎሪን ረጪዎቹን ታንክ ወርውረው ሰበሩት። ነርሶቹ ሸሹ። እኔ በክንዴ ላይ መርፌው እንደተሰካ፣ የድንኳኑን ምሰሶ እየያዝኩ ወጣሁና መንገዱ ላይ ቆምኩ።

«አንቺ ነሽ የከለከልሽው?» አለኝ ጋሽ ዳና።

«እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ። ራሱ ነው።»

በጥፊ መታኝ። ወደቅሁ፤ ተነሣሁ። በሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣቴ አሳየሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩ። በዚህ በሽታ ያረፈ ሰው አስከሬን በቤተሰብ አይታጠብም። ወደ መኖሪያ ቤት አይወሰድም። በለቅሶው ቤት ምግብ አይቀርብም። ከሥሩ የመርክነህ ፊርማ አለ።

ጋሽ ዳና አማርኛ አያነብም። ፊርማውን ግን ያውቃል፤ መርክነህ ተማሪ ሳለ በቤታቸው ግድግዳ ላይ በከሰል ሲለማመደው የኖረ ፊርማ ነው፤ እናታቸው በጭቃ እየለሰነች ታጠፋው ነበር። ሰውዬው ጣቱን ፊርማው ላይ አሳርፎ ቆመ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ በወላይትኛ «ዱላችሁን ጣሉ» አላቸው። መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከተማው ውስጥ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ሳላቅፈው።

ለቅሶ ላይ ምግብ ባለማቅረቤ እስከዛሬ የማያናግሩኝ ዘመዶች አሉ። የእድር ጓደኛዬ ወንፊቴን በሌላ ሰው እጅ ላከችልኝ። እኔ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ጡንቻዬ እየተጨመደደ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አቅቶኝ ነበር።

አርባው ሲያልፍ ለንስሐ አባቴ የጀሪካኗን ነገር ተናገርኩ። መርክነህ ላይ ተኝተው ያዳኑት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ጠበሉን እግዚአብሔር ሰጠ፤ ጀሪካኑን የገዛሽው አንቺ ነሽ። የገዛሽውን እጠቢ» አሉኝ።

«ጠብታዋስ፣ አባ?»

«ጠብታዋን ያሰበው ሰው የማን ፍጥረት ነው? እኔ ነገ በዐውደ ምሕረት እናገራለሁ። አንቺ ምንጩ ጋ ተናገሪ።»

ሽንት ቤቶቹ ተነሥተዋል። የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ ተገንብቶ በቧንቧ ይወርዳል፤ ኩሬው ተደፍኗል። መርክነህ በደብዳቤው የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ይህን ለምታነቡ፦ ሆዳችሁን ሳያማችሁ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ ካስቀመጣችሁ ታይፎይድ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እየጠጣችሁ ወደ ድንኳኑ ሂዱ፤ በዚያው ሰዓት ሂዱ። የምትወዱት ሰው ውሃው ከየት እንደሆነ ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት።

አንጁሎ ይቅርታ አልጠየቀኝም። አንድ ቅዳሜ ግን ከምንጩ አጠገብ ሳየው ዱላው በእጁ አልነበረም፤ ወረፋውን በእጁ ብቻ እያመለከተ ነው የሚያስይዘው። «መምህርት መጥቷል፤ ጀሪካኑን ክፈቱ» ይላቸዋል፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

ብርድ ልብሱን አንዱን ጫፍ ከአጥሩ ምሰሶ ጋር አስሬ ብቻዬን እጨምቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምንጩ ወርጄ የሰዉን ጀሪካን በአሸዋና በሳሙና አጥባለሁ፤ ሲሞላ ጠብታውን እጨምርበታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳይጠጡት እነግራቸዋለሁ።